የዲማስ-90 ወረቀትና የኢ.ቪ.ቪ. ሰዓት አይገጥሙም፤ የመዝገብ ጥያቄ ደብዳቤ መጥቷል

የቢሮ_ሰው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ላለ አነስተኛ የሆም ኬር ኤጀንሲ ፋይል የምይዘው እኔ ነኝ። የ9 ክላየንቶችን የ3 ወር መዝገብ እንድንልክ ክፍያውን ከሚከፍለን ከሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) በኩል ደብዳቤ ደርሶናል። ፋይሉን ስከፍተው 11 ቀን ላይ ኤይዶቹ (ክላየንቶቹን እቤታቸው የሚንከባከቡት ሠራተኞች) ዲማስ-90 (የሠሩትንና ሰዓቱን የሚሞሉበት የሳምንት ቅጽ) ላይ የጻፉት ሰዓትና ኢ.ቪ.ቪ. (ሲገቡና ሲወጡ ሰዓቱን የሚመዘግበው ኤሌክትሮኒክ ሲስተም) ላይ ያለው አይገጥምም። ሦስት ሳምንት ላይ የክላየንት ፊርማ የለም። የሳምንቱ አስተያየት መጻፊያ ቦታ ላይ ከሳምንት ሳምንት "ደህና ናት" ብቻ ነው። አንዷ ኤይድ ደግሞ ሁሉንም በአማርኛ ነው የሞላችው። የጎደለውን አሁን ማስፈረም ይቻላል? ሰዓቱን በኢ.ቪ.ቪ. መሠረት ላስተካክለው? ከዚህ በኋላስ እንዴት ብንይዝ ነው የሚሻለው?

ፋይል_አገላባጭ፦
ደብዳቤው ከመጣ በኋላ ወረቀቱ ላይ አንዲት ነጥብ እንዳይጨምሩ። ዛሬ አስፈርሞ የዚያን ጊዜ ቀን መጻፍ ተራ ጉድለትን ወደ ማጭበርበር ይለውጠዋል። የጎደለ ፊርማ የሚያስከፍለው የዚያን ሳምንት ክፍያ ነው፤ ወደኋላ የተጻፈ ቀን ግን ጠበቃ ያስቀጥራል። ሰዓቱን "ማስማማትም" ያው ነው። ልዩነቱ ምክንያት ካለው በሌላ ወረቀት፣ በዛሬ ቀን፣ በራስዎ ስም ጽፈው አያይዙት፤ ዋናው እንዳለ ይሂድ። በአማርኛ የተሞላውንም እንደዚሁ፦ ዋናው ከነትርጉሙ፣ የተረጎመው ሰው ስምና የተረጎመበት ቀን ሰፍሮበት። ትርጉሙን እንደ ዋና ወረቀት አድርገው እንዳይልኩት።

አሰናድቶ መላኩ ላይ፣ መርማሪ ፋይል የሚያነበው ከፊት ወደ ኋላ አይደለም። አንድ የተከፈለ ቀን ይይዝና ከክፍያው ተነስቶ ወደኋላ ይጎትታል። ለዚያ ቀን የጸና የአገልግሎት ፈቃድ ነበረ ወይ፣ ስንት ሰዓት ይፈቅዳል? የተሠራው ሥራ እንክብካቤ ዕቅዱ ላይ አለ? ኢ.ቪ.ቪ. ምን ይላል? ዲማስ-90ስ? ኤይዷ የ40 ሰዓት ሥልጠና ወረቀት ነበራት? ከፌዴራል ፕሮግራሞች የታገዱ ሰዎች ዝርዝር ላይ አለመኖሯ በየወሩ ታይቷል? ነርሷ ለቁጥጥር ስትሄድ የጻፈችው የት አለ? እርስዎም በዚሁ ቅደም ተከተል ለእያንዳንዱ ክላየንት ይደርድሩት። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ ሌላው ሁሉ ቢያምር እንኳ የዚያ ቀን ክፍያ አደጋ ላይ ነው። ቅጂ ይላኩ፣ ገጾቹን ይቁጠሩ፣ የላኩትን በሙሉ ሌላ ቅጂ አስቀርተው ያኑሩ። ቀኑ የማይበቃ ከሆነ ማራዘሚያውን ከማለቁ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በስልክ "እሺ" መባል ማስረጃ አይሆንም።

ሲያገላብጡ ያልተሠራ ሰዓት እንደተከፈለ ካረጋገጡ፣ መርማሪው ያግኘው ብሎ መቀመጥ የለም። በፌዴራል ሕግ ያለአግባብ የተከፈለ ገንዘብ በታወቀ በ60 ቀን ውስጥ ተነግሮ መመለስ አለበት፤ እያወቁ መያዝ በሐሰተኛ ክፍያ ጥያቄ ሕግ ያስጠይቃል።

ነርስ_ሱፐርቫይዘር፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይዩ፦ ልዩነቱ ልክ 6 ሰዓት ነው? ኤይዷ "2:00 – 8:00" ብላ ከጻፈች በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 እስከ ከቀኑ 8 ነው። ኢ.ቪ.ቪ. ላይ ያው ሥራ 8:00 ኤኤም – 2:00 ፒኤም ሆኖ ይቀመጣል። ኤኤምና ፒኤም ካልተጻፈበት መርማሪው የሚያየው ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ማታ ያለቀ ሥራ ነው፤ በኢ.ቪ.ቪ. ግን በዚያ ሰዓት ማንም አልነበረም። ይሄ ስህተት በእኛ ሰዎች ኤጀንሲ ውስጥ ከሚታሰበው በላይ ይደጋገማል። የቀኑ አጻጻፍም እንደዚሁ ነው፦ 5/3 እዚህ ሜይ 3 እንጂ ማርች 5 አይደለም። የክላየንቱ ስም ፊደል ደግሞ ከሜዲኬይድ ካርዱ ጋር አንድ ይሁን። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሲገባ አንዱ ወረቀት ላይ ስሙ ይገለበጣል፤ የመታወቂያ ቁጥሩ አጠገቡ ካለ ግን አያከራክርም።

ፊርማን በተመለከተ የቨርጂኒያ ደንብ ግልጽ ነው። ኤይዷም ክላየንቷ ወይም ዋና ተንከባካቢዋም ቢያንስ በሳምንት አንዴ ፈርመው ቀን ይጽፋሉ፤ የሳምንቱ የመጨረሻ ሥራ ሳያልቅ ግን አይፈረምም። ሥራው እስከ እሑድ ሆኖ ሐሙስ የተፈረመ ወረቀት ገና ላልተሠራ ሥራ የተሰጠ ፊርማ ነው። "ቅዳሜ ስለማልገባ አሁን ፈርሚልኝ" የሚባለውን ልማድ አስቁሙት። ክላየንቷ እጇ የማይታዘዝላት ከሆነች የምትችለውን ምልክት ታድርግ፤ ማን እንደሚፈርምላት ደግሞ ፋይሉ ላይ አስቀድሞ ይጻፍ። ኤይዷ በክላየንቷ ስም በጭራሽ አትፈርምም።

አስተያየቱን "ደህና ናት" ማለት አለመጻፍ ማለት ነው። ምን ያህል እንደሚበቃ ይኸው፦ "ማክሰኞ ከአልጋ ወደ ዊልቸር ስትዛወር ከወትሮው የበለጠ ድጋፍ ፈለገች። ቀኝ ተረከዟ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው መቅላት አየሁ፤ 9:40 ኤኤም ላይ ለነርሷ ደወልኩ። ምሳዋን ግማሹን በላች።" አራት መስመር አይሞላም፤ ግን ኤይዷ እዚያ ቤት እንደነበረች ይመሰክራል። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው ካሉ ተዘጋጅቶ የሚገለበጥ ዓረፍተ ነገር አትስጧቸው፤ የ9ኙም ክላየንቶች ወረቀት አንድ ዓይነት ሆኖ ያርፋል። ከ30 እስከ 40 ቃላት ያሉት ዝርዝር ይበቃል፦ መቅላት፣ እብጠት፣ ማዞር፣ እምቢ አለች፣ ግማሹን በላች።

የሥራዎቹን ምልክትም ልብ በሉ። ዕቅዱ ገላ መታጠብ በሳምንት 3 ቀን ብሎ ወረቀቱ ላይ 7ቱም ቀን ምልክት ከተደረገ፣ ኤይዷ ሳታይ እንደሞላችው ነው የሚቆጠረው። እምቢ ካለች "እምቢ አለች" ተብሎ ይጻፍ እንጂ ምልክት አይደረግ። በዕለቱ ሲሳሳቱ አንድ መስመር አስምረው፣ ልክ የሆነውን ከጎኑ ጽፈው፣ የስማቸውን መነሻ ፊደልና ቀኑን ያኑሩ። ነጭ ቀለም የሚባል ነገር ቢሮ ውስጥም አይኑር።

ኢቪቪ_እና_ቢል፦
ኢ.ቪ.ቪ. ስላለን ወረቀቱ ትርፍ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ ኪዩርስ አክት የሚባለው የፌዴራል ሕግ ከኢ.ቪ.ቪ. የሚጠይቀው ስድስት ነገር ነው፦ የአገልግሎቱ ዓይነት፣ ማን እንደተገለገለ፣ ማን እንደሰጠ፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት። ምን እንደተሠራ አይናገርም፤ እሱን የሚናገረው ዲማስ-90 ነው።

ጣጣው ያለው ቢሮ ውስጥ በእጅ የሚስተካከለው ላይ ነው። ስልክ ይዘጋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ሲወጡ መንካት ይረሳል፤ ይሄ ያለ ነው። ግን በእጅ የገባ እያንዳንዱ ሰዓት ምክንያቱ፣ ያስተካከለው ሰውና ማስረጃው ይኑረው፤ ኤይዷ በዚያው ቀን የላከችው ቴክስትም ቢሆን። የአንዷ ኤይድ አብዛኛው ሥራ በእጅ የገባ ከሆነ፣ ሁሌም ደግሞ ልክ 8:00 – 2:00 ከሆነ፣ ይሄ ራሱ መርማሪ ይጠራል። እውነተኛ ሰዓት 8:04 ነው፣ 1:57 ነው።

ከመላክዎ በፊት ሦስት ነገር ያመሳክሩ። አንደኛ፣ ክላየንቱ ሆስፒታል የተኛባቸው ቀናት፤ የገባበትና የወጣበት ቀን ሰዓቱ ተለይቶ ይታያል፣ በመካከል ያለው ግን ቢል ተደርጎ (ክፍያ ተጠይቆበት) ከሆነ ችግር ነው። ሁለተኛ፣ አንዲት ኤይድ ሁለት ቤት በአንድ ሰዓት። አንዱ ቤት 2:00 ፒኤም አልቆ 20 ደቂቃ መንገድ ያለበት ሌላው 2:00 ፒኤም ከጀመረም ያው ነው። ሦስተኛ፣ የተከፈለው ዩኒት ከተሠራው መብለጡ። ቲ1019 (የግል እንክብካቤ ቢል የሚደረግበት ኮድ) በኮዱ መግለጫ አንዱ ዩኒት 15 ደቂቃ ነው፤ በሰዓት የሚቆጥሩ ስቴቶችም አሉ፣ አጠጋጋቸውም ይለያያል፤ ስለዚህ ከሌላ ስቴት ሰው የሰማችሁትን ሳይሆን የራሳችሁን ማኑዋል ተከተሉ።

የቢሮ_ሰው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከ9ኙ ሁለቱ የዲዲ ዌቨር (የዕድገት እክል ላለባቸው ሰዎች የሆነ የሜዲኬይድ ፕሮግራም) ናቸው፣ እቤታቸው ድጋፍ የሚያገኙ። የእነሱ ማስታወሻ በምን ይለያል?

ነርስ_ሱፐርቫይዘር፦
እዚያ መርማሪው የሚፈልገው "ተደረገለት" የሚለውን ሳይሆን ዕቅዱ ላይ ካለው ግብ ጋር የተያያዘውን ነው። ግቡ ጥርሱን ራሱ መቦረሽ ከሆነ "ጥርሱን ቦረሸ" አይበቃም። "ከ5ቱ እርምጃ 4ቱን ራሱ ሠራ፤ ሳሙናውን ለመጭመቅ ሁለቴ በቃል ተነገረው፤ እጁ አልተያዘም" ይባላል። በቃል የተነገረው፣ በምልክት የታየው፣ እጁ የተያዘው ተለይቶ ካልተጻፈ የሦስት ወሩ ግምገማ የሚቆምበት ነገር አይኖረውም። ከባድ አደጋ ወይም የሆስፒታል ነገር ከተጻፈ ደግሞ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት በ24 ሰዓት ውስጥ ክሪስ በሚባለው የአደጋ ሪፖርት ሲስተም እንዲያውቅ የተደረገበት መኖሩን ይዩ። ማስታወሻው ላይ "ወደቀ፣ ድንገተኛ ክፍል ሄደ" ተብሎ ሪፖርቱ ከሌለ፣ ያ ከክፍያው የተለየ ራሱን የቻለ ጥያቄ ያመጣል።

የቢሮ_ሰው፦
ቆጠርኩት። ከ11ዱ ቀን 7ቱ ልክ 6 ሰዓት ነው፣ ሁሉም የአንዷ ኤይድ። የቀሩት 4ቱ ከ15 እስከ 50 ደቂቃ ይለያያሉ።

ፋይል_አገላባጭ፦
ለ7ቱ አንድ ገጽ ማብራሪያ ይበቃል፤ ቀናቱን ዘርዝረው፣ የኢ.ቪ.ቪ. ሪፖርቱን ከኋላ አያይዘው። ኤይዷም በዛሬ ቀን ትፈርምበት። ለ4ቱ ኤይዶቹን ይጠይቁ፤ የሚያስታውሱትን ብቻ ይጻፉ፣ የማያስታውሱትን እንዲያስታውሱ አይርዷቸው። ቢል የተደረገው ኢ.ቪ.ቪ. ላይ ካለው በልጦ ከሆነ ትርፉን ቆጥረው ከመዝገቡ ጋር ራስዎ ያሳውቁ፤ ያ 60 ቀን ዛሬ መቁጠር ጀምሯል ብለው ይያዙት።