ክርክር፦ ለታሊባን አፍጋኒስታን እርዳታው ይቀጥል ወይስ ይቁም?

አወያይ፦ ታሊባን በ2021 ካቡልን ያዘ። ያን ጊዜም ሴት ልጆች ከስድስተኛ ክፍል በላይ እንዳይማሩ ተደረገ፤ በ2022 ክልከላው ጸና። በዚያው ዓመት ማብቂያ ዩኒቨርሲቲ ተዘጋባቸው፤ በአራተኛው ቀን ደግሞ ሴቶች በእርዳታ ድርጅቶች እንዳይሠሩ ታገዱ። እንዲህ እያደረገ እርዳታው ይቀጥል? (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቁም በሉት፦ ይቁም! ስንዴውን ሌላው ካቀረበለት፣ ታሊባን የጉምሩክና የግብር ገቢውን ለሠራዊቱና ለሥነ ምግባር ተቆጣጣሪዎቹ ያውለዋል። «ልጆቹን እኛ እናበላለን፣ እናንተ እናቶቻቸውን ቆልፉ» እንደማለት ነው።

ነርሷ፦ ወንድሜ፣ የሚቆልፈው ሌላ፣ የሚራበው ሌላ። የታሊባን የበላይ መሪ አኹንድዛዳ ካንዳሃር ከተማ ተቀምጦ ጦሙን አያድርም። በ2021 እኮ ተሞክሯል። ከመንግሥት ወጪ ሦስት አራተኛ ያህሉን ይሸፍን የነበረው የለጋሾች ገንዘብ ተቋረጠ፣ አሜሪካ ያለው 7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የአፍጋኒስታን ማዕከላዊ ባንክ ክምችትም ታገደ። ደሞዝ አጥቶ ወራት የከረመው ሐኪሙና መምህሩ ነው። ታሊባን ምን ተነካ?

ደረሳው፦ በመሃል ልግባ። ይህን «እስልምና ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት። ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ በግብፅ ያለው ታላቁ የእስልምና ትምህርት ተቋም የአል አዝሃር ታላቅ ኢማም አሕመድ አል ጠይብ ከሸሪዓ ጋር ይጋጫል ብለው በግልጽ ተቃውመዋል። ከታሊባን ውስጥም ምክትል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ስታኒክዛይ በ2025 መጀመሪያ እገዳው ይነሳ ብለው በአደባባይ ተናገሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ ከአገር ወጡ።

ቁም በሉት፦ እህቴ፣ ታሊባን አይነካም ያልሽው ልክ አይደለም። ሴት ሠራተኞች ሲታገዱ ትልልቅ ድርጅቶች ሥራ አቆሙ። ከሳምንታት በኋላ ሴቶች በጤና ሥራ ላይ እንዲቀጥሉ ማረጋገጫ ተሰጠና አንዳንዶቹ ተመለሱ። ማቆሙ ሠርቷል ማለት ነው!

ነርሷ፦ ይሄን እቀበላለሁ፤ በከፊል። ግን በ2024 መጨረሻ ሴቶች አዋላጅነትና ነርስነት እንዳይማሩ ከለከሉ። ያሉት አዋላጆች ሲያረጁ ማን ያዋልድ? ደግሞ አስበው፦ የእርዳታ መዝጋቢው ወንድ ነው፣ ደጅ ላይ ቆሟል። ባሏ የሞተባት ሴት ከበሩ ኋላ ናት፣ የሚወጣላት ወንድ የላትም። ስሟ መዝገቡ ላይ አይገባም፤ ስንዴውም በሯን አልፎ ይሄዳል።

ቁም በሉት፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው! ሴት ሠራተኛ ከሌለች እርዳታው ራሱ የማንን ቤት ያንኳኳል?

አወያይ፦ በ2025 በምሥራቅ አፍጋኒስታን ኩናር ላይ የመሬት መንቀጥቀጡ ከ2,000 በላይ ሰው ሲገድልስ? ያን ጊዜም ቁም ትል ነበር?

ቁም በሉት፦ ለኩናር አልልም። ድንኳኑ ይሂድ፤ ሴት ሠራተኞችም አብረው ይሂዱ።

ነርሷ፦ እነሱን ኬላ ላይ ቢመልሷቸውስ? ድንኳኑንም ትመልሰዋለህ?

ቁም በሉት፦ ...አልመልሰውም መሰለኝ። ግን ዝም ብዬም አላልፍም።

ነርሷ፦ እሱን ቀድመህ ብትለኝ ይሄን ሁሉ አልናገርም ነበር።