በቤዝቦል ፈጣን ሯጭ ቤዝ ሲሰርቅ ለምን ይያዛል?

ጥያቄ፦ ኸርብ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1974 ለአሜሪካው የቤዝቦል ቡድን ኦክላንድ ኤይስ ሲፈርም በቤት ውስጥ አጭር ሩጫ ዓለም የሚያውቀው ሰው ነበር። በዚያ ዓመት ቤዝ ለመስረቅ (ኳሱ ሳይመታ ሮጦ ወደሚቀጥለው ማረፊያ ለመድረስ) 45 ጊዜ ሞክሮ 16 ጊዜ ተይዟል። እንዲህ የፈጠነ ሰው እንዴት ይያዛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ርቀቱን ተመልከት። በቤዞች መካከል ያለው 27.4 ሜትር ነው፤ ሯጩ 3.5 ሜትር ያህል ቀድሞ ስለሚወጣ የሚቀረው 24 ሜትር ገደማ ነው። የ100 ሜትር ሯጭ ሙሉ ፍጥነቱን የሚያገኘው ከ50 ሜትር በኋላ ስለሆነ እዚህ አይደርስበትም። ኳሱን ለመልቀቅና ለማድረስ ወርዋሪው 1.3 ሰከንድ፣ ተቀብሎ ወደ ቤዙ የሚወረውረው ካቸር 2 ሰከንድ ያህል ይወስዳሉ፤ ያለህ ጊዜ ያ ብቻ ነው። መነሻው ላይ ደግሞ ተኩስ የለም፣ በጎን ቆመህ ነው የምትወነጨፈው።

መልስ፦ ተኩሱ የወርዋሪው እግር ነው! ቀኝ እጁን የሚጠቀም ከሆነ ዓይንህን ቀኝ ተረከዙ ላይ አድርግ። እሱ ቀድሞ ከተነሳ ወደ አንተ ሊወረውር ነው፣ ተመለስ። ግራ እግሩ ከቀደመ ወደ መቺው ሊወረውር ነው፣ ሩጥ። ይህን ማንበብ ዓመታት ይፈልጋል። ዋሽንግተንን ታዋቂው የቤዝ ሰራቂ ሞሪ ዊልስ ቢያሠለጥነውም፣ በ1974 የዓለም ሲሪስ (የፍጻሜ ውድድር) ሁለተኛ ጨዋታ ዘጠነኛው ኢኒንግ (የመጨረሻው ዙር) ላይ፣ ቡድኑ 3 ለ 2 እየተመራ፣ የተጋጣሚው ወርዋሪ ማይክ ማርሻል አንደኛ ቤዝ ላይ ያዘው።

መልስ፦ መንሸራተቱም አለ። ሯጭ መስመሩን አልፎ መሄድ ለምዷል፤ እዚህ ግን ቤዙ 3 ሜትር ሲቀረው አንድ እግሩን አጥፎ መውረድ አለበት። ከዘገየ ቁርጭምጭሚቱን ይጎዳል። ደግሞም በ105 ጨዋታ ኳስ ለመምታት አንዴም ዱላ አልያዘም፤ የማይመታ ተጫዋች ደግሞ የሌላ ሰው ቦታ ይይዛል፣ ስለዚህ በግንቦት 1975 ተሰናበተ።