ገንዘባችን ትንሽ ነው፤ ኃይል ቆጣቢ የጋራ ቤት ስንሠራ ከየት እንጀምር?

የማኅበር ጸሐፊ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። 24 ቤተሰቦች ተሰባስበን ከተማ ውስጥ ባለ ሦስት ፎቅ የጋራ ቤት ልንሠራ ነው። አብዛኛው ገንዘባችን ብድር ነው። አካባቢው ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይበርዳል። አንዱ አባል ሶላር ይላል፣ ሌላው ድርብ መስታወት፣ ሌላው ወፍራም ግድግዳ። ሁሉንም አንችልም። የቤቱ ዕዳ ሳያልቅ የመብራት ክፍያ እንዲደራረብብን አንፈልግም። ምን ይቅደም?

አርክቴክቷ
ገንዘብ የማይጠይቀው ይቅደም፤ እሱም የሕንፃው አቀማመጥ ነው። ረጅሙ ጎን ሰሜንና ደቡብን ይይ፣ ጠባቡ ምሥራቅና ምዕራብን። የጠዋትና የማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ቀጥ ብላ ሳሎን ትገባለች። የቀትሯን ግን ከመስኮቱ በላይ ወጣ ያለች አጭር ሶሌታ ትመልሳታለች።

ቅርፁንም አታወሳስቡት። ሕንፃው በተሰባበረ ቁጥር የውጭ ግድግዳው ይበዛል፤ ወጪውም፣ የሚባክነው ሙቀትም አብሮ ይጨምራል። እንግሊዝ ውስጥ፣ ኖርዊች ከተማ፣ ጎልድስሚዝ ስትሪት የሚባል ሰፈር አለ። የከተማው ምክር ቤት ለተከራዮች ያሠራቸው 105 ያህል ቤቶች ናቸው። ግድግዳ ተጋርተው በረድፍ የቆሙ፣ ‘ፓሲቭሀውስ’ የሚባለውን ጥብቅ የኃይል ቁጠባ መስፈርት ያሟሉ ናቸው። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የስተርሊንግን የሥነ ሕንፃ ሽልማት ወስደዋል። ለተራ ተከራይ የተሠራ ቤት መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ግንበኛው
እኔ ጣሪያ እላለሁ። ፀሐይ ግድግዳን በፈረቃ ነው የምትመታው፤ ጣሪያን ግን ከጠዋት እስከ ማታ። ላይኛው ፎቅ ተከራይቼ ስኖር ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ወንበር ላይ ወጥቼ የጣሪያውን ሶሌታ በእጄ ነካሁት። ገና ሙቅ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ እኛ ላይ ሲለቀው ያድራል ማለት ነው። ለኢንሱሌሽን (ሙቀትና ብርድ እንዳያልፍ ለሚከላከለው ንጣፍ) ያላችሁን ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ላይ አውሉት፤ ላዩን ነጭ ቀቡት።

ቀጥሎ መስኮት። ብዙ ጊዜ ፍሬሙ ይገጠምና ዙሪያው በስሚንቶ ብቻ ይሞላል። ስሚንቶው ሲደርቅ በጠርዙ በኩል ይሰነጠቃል። ነፋስ ባለበት ቀን ሻማ አብሩና በፍሬሙ ዙሪያ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። እሳቱ ዘንበል ካለ አየር እየገባ ነው። ይህንን የመጨረሻውን ክፍያ ሳትከፍሉ አድርጉት።

ነዋሪ
ስታሽጉ ግን ቤቱን አታፍኑት። የኛ መታጠቢያ ቤት መስኮትም ማራገቢያም የለውም። በሁለተኛው ዓመት ግድግዳው ሻገተ፤ ብንቀባው ብንቀባው ይመለሳል። ለእያንዳንዱ ቤት ቢያንስ በሁለት አቅጣጫ መስኮት አድርጉለት፣ ነፋሱ እንዲያልፍ።

የኤሌክትሪክ ባለሙያ
ሶላሩ ይቆይ፤ መንገዱን ግን ዛሬ አዘጋጁለት። ሶሌታ ሳይሞላ ከጣሪያ እስከ ቆጣሪ ድረስ ባዶ ቧንቧ ይቀበር። በኋላ ግድግዳ ከመቦርቦር ያድናችኋል። ጣሪያው ክብደቱን እንዲችልም መሐንዲሱ አሁኑኑ ያስላው። ኩሽናና መታጠቢያ ጀርባ ለጀርባ ይሁኑ፤ የሙቅ ውኃው መስመር ሲያጥር የሚባክነውም ይቀንሳል። ገንዘብ ስታገኙ ደግሞ በፀሐይ የሚሠራ የውኃ ማሞቂያን አስቀድሙ። ውኃ ማሞቅ ብዙ ኃይል ይበላል።

የማኅበር ጸሐፊ (ጠያቂ)
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ የቸገረን ነገር አለ። ቦታችን ጠባብ ነው፣ መንገዱም በምዕራብ በኩል ነው። ሕንፃውን ማዞር አንችልም።

አርክቴክቷ
እንግዲያው ደረጃውን፣ ዕቃ ቤቱንና መታጠቢያውን ወደ ምዕራብ አድርጓቸው፤ መኝታ ቤቶቹን ይከልላሉ። በዚያ በኩል የሚቀሩት መስኮቶች ትንንሽ ይሁኑ፣ ከውጭ የሚዘጋ መዝጊያም ይኑራቸው። የውስጥ መጋረጃ ብዙም አይረዳችሁም፤ ሙቀቱ መስታወቱን አልፎ ገብቷል። ንድፉ ካልጸደቀ ደረጃውን ማዛወር የወረቀት ሥራ ብቻ ነው። በዚህ ሳምንት ለአርክቴክታችሁ ንገሩት።