አዳማ ላይ ተርቦ የት ላሠራ ለምትሉ

ሰሞኑን ሦስት ሰው «መኪናዬ ጉልበት አጣች፣ ተርቦው ሄዷል ተባልኩ፣ የት ላሠራ?» ብሎ ጠየቀኝ። ተርቦ ማለት በሞተሩ ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ክፍል ነው። እኔ በሂሉክሴ ሁለት ጊዜ አልፌበታለሁ። በመጀመሪያው ከሰርኩ፣ በሁለተኛው ቀናኝ።

መጀመሪያ የማትሄዱበትን ልንገራችሁ። ምንም ሳይለካ ኮፈኑን ከፍቶ የአክቹዌተሩን (የተርቦውን ግፊት የሚገድበውን ክፍል) ዘንግ በቁልፍ የሚያጠብቅ ጋራዥ ካያችሁ፣ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። እኔን ያደረጉኝ እንደዚያ ነው። ስወጣ መኪናዋ በረረች፤ ደስ አለኝ። መተሐራን አልፌ አዋሽ ስቃረብ ግን ቼክ ኢንጂን በራ። ነዳጅ ብረግጥም አልሄድ አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከጅቡቲ ወደብ በ18 በመቶ ገደማ ያንሳል። አዋሽ ሰባት ግን 1,000 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ይወፍራል። አክቹዌተሩ የሚያውቀው በተርቦው ግፊትና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። እዚህ ከልክ በላይ የጠበቀ ዘንግ ቆላ ሲወርድ፣ ትርፉ ግፊት በወፍራሙ አየር ላይ ይደረባል። ኮምፒውተሩም ሞተሩን ለማዳን ናፍጣ ይቀንሳል።

ይህን በደንብ የገባኝ ስለ አውሮፕላን ሳነብ ነው። ውጭ አገር አውሮፕላን ራሳቸው የሚገጣጥሙ ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ የማዝዳን 13ቢ ሮታሪ ሞተር (በፒስተን ፈንታ ሮተር የሚባል ነገር ውስጡ የሚሽከረከርበትን) ከነተርቦው ይገጥማሉ። ከፍታው ስለሚቀያየርባቸው ግፊቱን ከውጭው አየር ሳይሆን ምንም አየር ከሌለበት ባዶ ጀምሮ በሚቆጥር ጌጅ ነው የሚከታተሉት። የሮታሪ ጭስ በጣም ሞቃት ነው፤ ተርቦውን ይፈጃል። ግፊቱ ከልክ አልፎ ነዳጁ በሞተሩ ውስጥ ያለአግባብ እየፈነዳ ማንኳኳት ከጀመረ ደግሞ በሮተሩ ጫፎች ላይ ያሉት ቀጫጭን ማኅተሞች ይሰበራሉ። እኛ ከአዳማ ጅቡቲ ስንወርድ የምናደርገው ያንኑ የነሱን መውረድ ነው፤ ልዩነቱ በጎማ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ምርጫዎቹ። ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ያገለገለ ተርቦ ማምጣት ርካሽ ነው። ከገዛችሁ ግን ክንፎቹ የተገጠሙበትን የተርቦውን የመሃል ዘንግ (የአክቹዌተሩን አይደለም) በእጃችሁ ሞክሩት። ወደ ጎን ትንሽ መነቃነቁ ችግር የለውም። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲሄድ በእጅ ከተሰማችሁ ተዉት። ክንፎቹ ቤቱን ከፋቁም ተዉት። አስመስለው የሠሩትን ኮፒ አልመክርም። አዲስ ኦሪጂናል ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን ያስደነግጣል።

እኔ የምመክረው ካርትሪጅ መቀየር ነው። ቤቱ ደህና ከሆነ መሃሉን ብቻ ባላንስ በተደረገ አዲስ መተካት። የኔ ሁለተኛው እንደዚያ ተሠርቶ እስካሁን ደህና ነው። የሠራልኝ መካኒክ ገና ሳይፈታ የጠየቀኝ «ዘይት መቼ ቀየርክ?» ብሎ ነው። ከዚያ ወደ ተርቦው የሚገባውን ቀጭን የዘይት ቱቦ ፈትቶ አሳየኝ፤ ግማሹ በጥላሸት ተደፍኗል። ገዳዩ እሱ ነበር። ቱቦውን ሳይቀይር አዲስ ካርትሪጅ ቢገጥም ኖሮ ያው ይደገም ነበር። ለዚህ ነው ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት «ለምን ሞተ?» ብላችሁ ጠይቁ የምለው። መልስ ያለው ጋ አሠሩ። ሲጨርስም ጌጅ ገጥሞ፣ አብሯችሁ ወጥቶ፣ መንገድ ላይ ግፊቱን ያሳያችሁ።

የሲኖ ትራክ ባለቤቶች፣ ለእናንተም ያው ነው፤ ዳገት ወጥታችሁ እንደቆማችሁ ሞተር አታጥፉ። ሁለት ሦስት ደቂቃ በሚኒሞ ይሥራ። አለዚያ ዘይቱ እዚያው የጋለው የተርቦ ዘንግ ላይ ይከስላል።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። አሮጌው ተርቦ ዘይት ሲተፋ ከቆየ ኢንተርኩለሩን (ከተርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘውን) አስፈትታችሁ አሳጥቡት። ውስጡ የተጠራቀመ ዘይት ወደ ናፍጣ ሞተር ከተሳበ፣ ቁልፍ ብታጠፉም ሞተሩ በዘይቱ እየነደደ ከቁጥጥር ውጭ ሊጮህ ይችላል።