የክፍያ ሚድልዌራችን በእሸት ቡና ወቅት ይቆማል፤ ትሬድና ፑል ብጨምርም ባሰበት

ጥያቄ (ከጅማ)

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ ለቡና ተረካቢዎች አገልግሎት በሚሰጥ ድርጅት የሲስተም አስተዳዳሪ ነኝ። የምንጠቀምበት ሚድልዌር (ሲስተሞችን የሚያገናኝ ሶፍትዌር) በየወረዳው ካሉ የእሸት ቡና መረከቢያ ጣቢያዎች የሚዛን መረጃ ይቀበላል፣ ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ ላይ ይመዘግባል፣ ከዚያም አዲስ አበባ ወደሚገኝ የክፍያ ሲስተም ትእዛዝ ልኮ የገበሬው ገንዘብ ሂሳቡ ውስጥ እንዲገባ ያደርጋል። የተሠራው በስፕሪንግ ቡት (የጃቫ ፕሮግራም መሥሪያ) ሲሆን፣ ሰርቨሩ 8 ኮርና 16 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው።

ገበሬው ቀኑን ሲለቅም ውሎ እሸቱን የሚያመጣው ወደ ማምሻው ስለሆነ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ድረስ ሥራው ይጨናነቃል። ጠዋት ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ የሚመልሰው ሲስተም በእነዚያ ሰዓታት ዝም ይልና ልክ 30 ሰከንድ ሲሞላ ስህተት ያወጣል። የሚገርመኝ ግን ሲፒዩው ከ15 በመቶ አለማለፉ ነው። የቶምካትን (ጥያቄዎችን የሚቀበለው ዌብ ሰርቨር) ትሬድ፣ ማለትም ጥያቄ የሚያስተናግዱትን የሥራ ክሮች፣ ከ200 ወደ 800፣ የኮኔክሽን ፑሉን (ተከፍተው የሚጠብቁ የዳታቤዝ ግንኙነቶች ክምችት) ከ10 ወደ 150 ከፍ አደረግሁ፤ ሂፑንም (ጃቫ መረጃውን የሚያስቀምጥበት ሜሞሪ) 14 ጊጋባይት ሰጠሁት። ይባስ ብሎ ዳታቤዙ ራሱ ደንበኛ በዛብኝ እያለ አዲስ ግንኙነት አልቀበልም ማለት ጀመረ። ሌላ ሰርቨር እናስገዛ ወይስ ያልነካሁት ነገር አለ?

መልስ 1

ወንድሜ፣ ሰርቨር ለማስገዛት አይቸኩሉ። ሲፒዩው ሥራ ፈትቶ ተጠቃሚው የሚጠብቅ ከሆነ፣ ትሬዶቹ ሥራ በዝቶባቸው ሳይሆን አንድ ነገር እየጠበቁ ነው። ምን እንደሚጠብቁ ደግሞ ያ 30 ሰከንድ ይነግረናል፦ ስፕሪንግ ቡት የሚጠቀምበት የሂካሪ ፑል ነፃ ኮኔክሽን ሲያጣ ጠብቆ ተስፋ የሚቆርጥበት ነባሪ ጊዜ ነው። ስለዚህ የእርስዎ ጥያቄ «ፑሉ ለምን አነሰ?» ሳይሆን «ኮኔክሽኑን ማን ይዞት ቀረ?» መሆን አለበት። ፑሉን 150 ሲያደርጉት የሆነው ግልጽ ነው፤ ፖስትግሬስ ካልተቀየረ በቀር የሚቀበለው 100 ኮኔክሽን ሲሆን፣ ከእነዚያም 3ቱ ለአስተዳዳሪው የተጠበቁ ናቸው።

ቁጥሮቹን ወደ ነበሩበት ይመልሱና ዛሬ ከ11 ሰዓት በኋላ መጨናነቁ ሲጀምር በጄስታክ (ከጃቫ ጋር የሚመጣ መሣሪያ) አማካኝነት በ10 ሰከንድ ልዩነት ሦስት ትሬድ ደምፕ (እያንዳንዱ ትሬድ በዚያ ቅጽበት ምን ላይ እንዳለ የሚያሳይ ዝርዝር) ይውሰዱ። አንድ ደምፕ እንደ ፎቶ ነው፤ ማን እንደተንቀሳቀሰና ማን ተገትሮ እንደቀረ የሚለየው ሦስቱን ጎን ለጎን ሲያነቡ ነው።

መልስ 2

በመልስ 1 እስማማለሁ፤ ነገር ግን የሜሞሪው ነገር ዝም ተብሎ መታለፍ የለበትም። ከ16 ጊጋባይት 14ቱን ለሂፕ መስጠት ማሽኑን ማስራብ ነው። ጃቫ ከሂፕ ውጭም ሜሞሪ ይፈልጋል፤ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ እያንዳንዱ ትሬድ ለስታኩ (የጥሪዎቹ መያዣ) ብቻ እስከ 1 ሜጋባይት ይመደብለታል፤ የክላሶች መረጃ የሚቀመጥበት ሜታስፔስ አለ፤ ስርዓተ ክወናውም ፋይል የሚያቆይበት ቦታ ይሻል። ማሽኑ ወደ ስዋፕ (ሜሞሪ ሲያልቅ ዲስክን መጠቀም) ከገባ ደግሞ ጋርቤጅ ኮሌክሽን (ጂሲ፣ የማያስፈልገውን መረጃ ከሜሞሪ የሚያጸዳው) ሂፑን ሲያስስ ዲስኩን እየጠበቀ ስለሚሠራ፣ አጭር የነበረው ቆይታ በሰከንዶች ይቆጠራል። እኔ ብሆን ከ4 እስከ 6 ጊጋባይት ሰጥቼ፣ መነሻውንና ጣሪያውን እኩል አድርጌ፣ የጂሲ ሎግ ከፍቼ አይ ነበር። ከጃቫ 9 ጀምሮ ነባሪው የጂሲ ዓይነት ጂ1 ነው፤ ጃቫ 8 ላይ ካሉ ግን ሰርቨሮች የሚጀምሩት በፓራለል ጂሲ ስለሆነ ይህንንም ያረጋግጡ።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። በሦስቱም ደምፖች ከ200 ትሬዶች መካከል 180 ያህሉ ከፑሉ ኮኔክሽን እየጠበቁ ነበር። ኮኔክሽን ይዘው የነበሩት 10ሩ ትሬዶች ደግሞ በሦስቱም ላይ በስማቸው ያው ናቸው፤ ሁሉም ሶኬት (የኔትወርክ ግንኙነት) ላይ ንባብ እየጠበቁ ነው። ዳታቤዙን እየጠበቁ መስሎኝ ነበር፤ ወደ ታች ስወርድ ግን ጥሪው ወደ ክፍያው ሲስተም የሚሄደው መሆኑን አየሁ። ዳታቤዙ በበኩሉ እነዚያን ኮኔክሽኖች ትራንዛክሽን (አብሮ የሚጸድቅ የዳታቤዝ ሥራ) ከፍተው ሥራ የፈቱ አድርጎ ያሳያል። በምሽት ሰዓት ክፍያው ለመመለስ 4 ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ታይምአውት (የመጠበቂያ ጊዜ ገደብ) አልተቀመጠለትም።

መልስ 1

ተገኘ ማለት ነው። ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ጆን ሊትል በ1961 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠው ቀላል ሕግ አለ፦ በአንድ ጊዜ የተያዘው ኮኔክሽን ብዛት በሰከንድ የሚገባው ጥያቄ ብዛት እያንዳንዱ ኮኔክሽኑን በያዘበት ጊዜ ተባዝቶ ነው። በሰከንድ 5 ርክክብ ቢገባና እያንዳንዱ 4 ሰከንድ ቢይዝ 20 ኮኔክሽን ያስፈልጋል፤ እርስዎ ያለዎት 10 ነው። ክፍያው ከ30 ሰከንድ በላይ ቢቆይ 150ም አይበቃም። ምዝገባው ብቻውን 40 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ ግን፣ ከሌላ ሥራ ጋር እንኳ 10ሩ ተርፎ ይቀራል።

ስለዚህ የክፍያውን ጥሪ ከትራንዛክሽኑ ያውጡት። «ከኮሚት በኋላ ጥራ» (ትራንዛክሽኑ ከጸደቀ በኋላ ማለት ነው) ብሎ መተው ግን ያሳስበኛል፤ ከኮሚቱ ቀጥሎ መብራት ቢጠፋ ርክክቡ ተመዝግቦ ገበሬው ሳይከፈለው ይቀራል። በዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ «የሚላክ ክፍያ» የሚል ሠንጠረዥ ላይ አንድ ረድፍ ይጻፉና፣ የተለየ ላኪ እያነበበ ይላክ። ላኪው መልስ ሳያገኝ ሲቀር ስለሚደግም፣ እያንዳንዱ ትእዛዝ የርክክቡን ደረሰኝ ቁጥር መለያው አድርጎ መሄድ አለበት፤ የሚቀበለው ወገን ያንን አይቶ ሁለተኛውን ካልጣለ አንድ ኩንታል ሁለት ጊዜ ይከፈላል። ይህን ከእነርሱ ጋር በጽሑፍ ይስማሙ። ለጥሪው ታይምአውት ማስቀመጥዎንም አይርሱ።

ጠያቂው

ላኪውን ለየሁት፤ ለውጡም ትልቅ ነው። ሆኖም ገበሬው ያለፈ ክፍያውን የሚጠይቅበት ገጽ የክፍያውን ሲስተም በቀጥታ ይጠራል፤ ያ ገጽ ትራንዛክሽን ባይኖረውም አሁንም ኮኔክሽን እንደያዘ ይቆያል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

መልስ 3

ኦፕን ኢን ቪው የሚባለው የስፕሪንግ ቡት ማስተካከያ ነው። ስፕሪንግ ቡት ከጄፒኤ (ጃቫን ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኝ ደንብ) ጋር ሲሠራ ካልዘጉት በቀር ክፍት ሆኖ ይጀምራል፤ ከመጀመሪያው ኩዌሪ (የዳታቤዝ ጥያቄ) በኋላ ኮኔክሽኑ ገጹ መልስ ሰጥቶ እስኪጨርስ አይለቀቅም። በማዋቀሪያው ፋይል ውስጥ ሐሰት አድርገው ይዝጉት። ከዚያ በኋላ አንዳንድ ገጾች ዘግይተው የሚጫኑ መረጃዎችን አጥተው ስህተት ስለሚያወጡ፣ አስቀድመው በሙከራ ሰርቨር ላይ ይሞክሩት።

ጠያቂው

ዘጋሁት፤ ሁለት ገጾች ተበላሽተው አስተካከልኳቸው። ትናንት ምሽት 12 ሰዓት ላይ ከ10ሩ ኮኔክሽኖች በአንድ ጊዜ የተያዙት ከ3 አልበለጡም፤ 30 ሰከንድ የሞላ ስህተትም ሎጉ ላይ የለም። ነገር ግን ትናንት ጅማ ላይ ሲዘንብ ስለዋለ የተለቀመው ቡና አነስ ያለ ነበር። ፀሐይ በወጣችበት ቀን ደምፑን እንደገና ወስጄ እዚሁ እጽፋለሁ።