ሚድ ነገ ጠዋት ነው፤ የኢምፕሊሲት ዲፈረንሲዬሽን መልሴ አልገጥም አለኝ

ሴክሽን 9፦
እባካችሁ ቶሎ የምትመልሱ ካላችሁ። ነገ ጠዋት 2፡30 የአፕላይድ ዋን (የሒሳብ ኮርስ) ሚድ ፈተና አለን። ዎርክሺቱ ላይ ያለው ይሄ ነው፦

ኤክስ³ + ዋይ³ = 6·ኤክስ·ዋይ

(3፣ 3) ላይ ስሎፑን (የኩርባውን ተዳፋት) ፈልጉ ይላል። መልሱ −1 ተብሎ ተጽፏል። እኔ ደጋግሜ ብሠራው −9/7 ነው የሚመጣልኝ። ዎርክሺቱ ነው የተሳሳተው? ዶርም ያሉት ሁሉ ተኝተዋል።

ሲኒየር፦
ወንድሜ፣ አሠራርህን ሳታሳየን ምኑን እንንገርህ? ለማንኛውም መጀመሪያ ዋይን ለብቻው አውጣው። ከዚያ በኋላ እንደማንኛውም ዴሪቬቲቭ ነው።

ኩርባ፦
ሲኒየር፣ እስኪ አንተ አውጣው። ዋይ ኪዩብ አለ፣ ከኤክስ ጋር የተባዛ ዋይም አለ። የሦስተኛ ዲግሪ ቀመር መኖሩን አውቃለሁ፣ ግን በዚያ መንገድ ከሄደ ሰዓቱ አልቆ ወረቀት ይሰበሰባል። ኢምፕሊሲት የሚሠራው እኮ ለዚህ ነው። ዋይን ሳታወጣ ግራና ቀኙን እንዳለ ዲፈረንሺዬት ታደርጋለህ፣ መጨረሻ ላይ ዋይ ፕራይምን (ዋይ′፣ የዋይ ዴሪቬቲቭ፣ ያው ስሎፑ) ብቻ ለይተህ ታወጣለህ።

ሴክሽን 9፦
እህትህ ነኝ 🙂 ስልኬ 8 ፐርሰንት ላይ ነው፣ ሁሉንም መጻፍ አልችልም። ቼይን ሩል (ዋይን ዲፈረንሺዬት ሲያደርጉ በዋይ ፕራይም ማባዛት) አውቃለሁ። ዋይ ኪዩብ ላይ ዋይ ፕራይም አድርጌያለሁ።

ጋሽ ቀመር፦
ልጄ፣ የያዝሽው ኩርባ ትልቅ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1638 ፈረንሳዊው ዴካርት የፌርማን ታንጀንት (ኩርባን ነክቶ የሚያልፍ ቀጥታ መስመር) የማግኛ ዘዴ ተጠራጥሮ፣ “እስኪ የዚህን ታንጀንት አግኝ” ብሎ የፈተነው በዚሁ ኩርባ ነው። ፌርማም አገኘው። ያኔ ኒውተንም ላይብኒዝም ገና አልተወለዱም! እናንተ ዛሬ በሦስት መስመር የምትጨርሱት በእነዚህ ሰዎች ድካም ነውና ቀመር ከመሸምደድ ስዕሉን ሳሉት። በመጀመሪያው ሩብ ውስጥ ቀለበት ሠርቶ ተመልሶ ዜሮ ላይ ራሱን ያቋርጣል።

እሸት፦
ጋሼ፣ ልጅቷ 8 ፐርሰንት ነው ያላት፣ 1638 ላይ ደርሰን እስክንመለስ ይጠፋባታል 😂

−9/7 ከየት እንደመጣ ግን ደርሼበታለሁ። የቀኙን 6·ኤክስ·ዋይ ስትሠሪ 6ዋይ′ ብቻ ጽፈሻል። እንደዚያ ከሆነ 27 + 27ዋይ′ = 6ዋይ′ ይሆናል፣ ከዚያ ዋይ′ = −27/21፣ ያው −9/7። ኤክስ እዚያ ቁጥር አይደለም፣ ተለዋዋጭ ነው። ሁለቱ ስለተባዙ ፕሮዳክት ሩል (በየተራ አንዱን ዲፈረንሺዬት አድርጎ በሌላው ማባዛትና መደመር) ያስፈልጋል፦

3ኤክስ² + 3ዋይ²·ዋይ′ = 6ዋይ + 6ኤክስ·ዋይ′

3 እና 3 አስገቢ። 27 + 27ዋይ′ = 18 + 18ዋይ′። 9ዋይ′ = −9። በቃ −1 ነው፣ ዎርክሺቱ ልክ ነው።

ሚኪ፦
ቼይን ሩል ረስተሽ ነው። ዋይ ባለበት ሁሉ ዋይ′ ጨምሪ።

እሸት፦
ሚኪ፣ ቼይን ሩሉን ሠርታዋለች፣ ከላይ ብላለች እኮ።

ሎጂክ፦
ቆይ፣ ጥያቄው ራሱ ልክ ነው? ኤክስ 3 ሲሆን ዋይ አንድ ብቻ አይደለም። 3፣ ወደ 1.85 እና ወደ −4.85 የሚጠጉ ሦስት ዋዮች አሉ። ስለዚህ ይሄ ፈንክሽን አይደለም። ፈንክሽን ያልሆነ ነገር ምን ዴሪቬቲቭ አለው?

ኩርባ፦
ሦስቱም ዋዮች ትክክል ናቸው። ግን ሙሉው ኩርባ ፈንክሽን መሆን የለበትም። ከ(3፣ 3) አጠገብ ያለችውን ቁራጭ ብቻ ብትወስድ ለእያንዳንዱ ኤክስ አንድ ዋይ ብቻ አለ። ማረጋገጫው ደግሞ ቀላል ነው። ሁሉንም ወደ ግራ አምጣና ኤክስን እንደ ቋሚ ቁጥር ይዘህ በዋይ ብቻ ዲፈረንሺዬት አድርግ፦ 3ዋይ² − 6ኤክስ። (3፣ 3) ላይ 9 ነው፣ ዜሮ አይደለም። ዜሮ እስካልሆነ ድረስ ዋይ እዚያ አካባቢ የኤክስ ፈንክሽን ነው፣ ዴሪቬቲቭም አለው። ኢምፕሊሲት ፈንክሽን ቲዎረም የሚለው ይሄንኑ ነው።

ሎጂክ፦
እሺ፣ (0፣ 0) ላይስ?

ኩርባ፦
እዚያ አይሠራም። ዋይ′ = (2ዋይ − ኤክስ²)/(ዋይ² − 2ኤክስ) ነው፣ ላዩም ታቹም ዜሮ ይሆናል። ኩርባው ራሱን የሚያቋርጥበት ቦታ ስለሆነ አንዱ ክንፍ አግድም፣ ሌላው ቀጥ ብሎ ያልፋል። ሁለት ታንጀንት አለ።

ሴክሽን 9፦
የሚቀጥለው ጥያቄ ታንጀንቱ አግድም የሚሆንበትን ነጥብ ፈልጉ ይላል፣ ከ(0፣ 0) ሌላ። 4 ፐርሰንት

እሸት፦
ኩርባ የጻፈውን ላዩን ዜሮ አድርጊ። ዋይ = ኤክስ²/2 ይመጣል። ያንን ዋናው ኢኳሺን ውስጥ መልሰሽ አስገቢ፦ ኤክስ³ + ኤክስ⁶/8 = 3ኤክስ³፣ ስለዚህ ኤክስ³ = 16። ኤክስ ወደ 2.52፣ ዋይ ወደ 3.17። ታቹ እዚያ ዜሮ አለመሆኑን ማየት አትርሺ፣ አንዳንድ መምህር ለሱ ነጥብ ይይዛል።

ሚኪ፦
ቼይን ሩል ነው ያልኩት እኮ እኔም

ሲኒየር፦
እህቴ፣ ገባሽ? ቻርጀር ፈልጊ፣ ፈተናው ላይ ምን እንደመጣም ንገሪን። የኛ ሴክሽን ከሰዓት ነው የሚፈተነው።