ከድሬዳዋ ወደ አሩናቻላ፦ ለአርምሞ ጉዞ እንዴት ልዘጋጅ?

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

የተከበራችሁ ወገኖች፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ በመምህርነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ የ62 ዓመት ሰው ነኝ። ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ሒሳብ ያስተምሩኝ የነበሩ ህንዳዊ መምህር በደብተራቸው ውስጥ የአንድ አዛውንት ፎቶግራፍ ይይዙ ነበር፤ የእኒያ አዛውንት ዓይን እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ራማና ማሃርሺ የሚባሉ የሂንዱ የአርምሞ መምህር እንደ ነበሩ፣ በ16 ዓመታቸው በ1896 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከቤታቸው ወጥተው በደቡብ ህንድ ወደሚገኘው አሩናቻላ ተራራ እንደ ሄዱ፣ በ1950 እስኪያርፉም ከዚያ እንዳልተለዩ የተረዳሁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። አሁን ልጆቼ ራሳቸውን ስለቻሉ፣ በተራራው ግርጌ ባለው አሽራም (እንደ ገዳም ያለ የአርምሞ መኖሪያ) ጥቂት ቀናት በአርምሞ ልቀመጥ እመኛለሁ። መቼ መሄድ እንደሚሻልና ማረፊያ እንዴት እንደሚገኝ ብትነግሩኝ እወዳለሁ፤ ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን የኦርቶዶክስ ክርስቲያን መሆኔና በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ ገብርኤልን የምሳለም ሰው ሆኜ ይህን ማሰቤ ነው።

መልስ (ከሐረር)

መምህር፣ እኔም ሄጄ ስለነበር ያየሁትን ልንገርዎ። አሽራሙ የሚገኘው ከቼናይ 200 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ቲሩቫናማላይ ከተማ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ ሙምባይ ወይም ዴልሂ ደርሰው በአገር ውስጥ በረራ ወደ ቼናይ ይሻገራሉ፤ ከዚያ በአውቶቡስ ወይም በኪራይ መኪና ይጓዛሉ። ለማረፊያው የተወሰነ ክፍያ የለም፣ እንግዳው እንደ አቅሙ ይሰጣል፤ ነገር ግን ወራት አስቀድመው ጽፈው ካልጠየቁ ክፍል አያገኙም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሰው የሚፈቀደውም ብዙውን ጊዜ ሦስት ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ ለመቆየት ካሰቡ በከተማው ሌላ ማረፊያ ይያዙ።

ጊዜውን በተመለከተ ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለውን እመርጥልዎታለሁ። በጥቅምትና በኅዳር እዚያ ዝናብ ነው፤ ከሚያዝያ ጀምሮ ደግሞ ሙቀቱ ለድሬዳዋ ሰው እንኳ ይከብዳል። ይህን ወቅት የመረጥሁት ስለ ምግቡም ጭምር ነው። ሥጋና እንቁላል ወደ አሽራሙ ባይገባም እርጎ፣ አሬራና ቅቤ ከማዕዱ አይጠፉም፤ ስለዚህ ምግቡ የጾም ነው ብለው አይሳቱ። ረቡዕና ዓርብ አሬራውን ትተው ቅቤ የሌለበትን ለይተው ይጠይቁ። መሬት ላይ ተቀምጠው በቅጠል ላይ የቀረበልዎትን በቀኝ እጅዎ ሲመገቡ ግን እንግድነት አይሰማዎትም።

ተራራው እንደ ቅዱስ ስለሚቆጠር ሰው በእግሩ ይዞረዋል፤ እርስዎም መዞር ከፈለጉ መንገዱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በባዶ እግር፣ ተራራውን በስተቀኝ አድርገው ይሄዳሉ። ሙሉ ጨረቃ በምትወጣበት ሌሊት እጅግ ብዙ ሕዝብ ስለሚጎርፍ፣ ጸጥታ ለሚሻ ሰው ሌላ ቀን፣ ያውም ገና ጎህ ሲቀድ ቢነሣ ይሻላል።

መልስ (ከድሬዳዋ)

መምህር፣ ነርስ ነኝ፤ ስለ አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብዎት። ከኢትዮጵያ ወደ ህንድ የሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀት እንዲያሳይ ይጠየቃል፤ ክትባቱም ከመድረስዎ ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ የተወሰደ መሆን አለበት። ወረቀቱ የሌለው እስከ 6 ቀን በለይቶ ማቆያ ሊቆይ ይችላል፤ ለአርምሞ ያሰቡት ጊዜ በዚያው ሊያልቅ ነው። ደግሞም ዕድሜዎ ከ60 ስላለፈ፣ ይህ ክትባት በእርስዎ ዕድሜ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት የማስከተል ዕድሉ ከወጣቶች ከፍ ይላል፤ ስለዚህ የአውሮፕላን ትኬት ሳይቆርጡ በፊት ያለብዎትን ሕመምና የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪም ይንገሩ። ክትባቱ አይሆንዎትም ከተባሉ ኤምባሲውን ሳይጠይቁ አይነሡ።

መልስ (ከሐረር፣ ጀጎል)

ስለ እምነቱ ጥያቄ የማይደበቅ ነገር መደበቅ እንዳይመጣ እመክራለሁ። በአሽራሙ ማንም ሃይማኖትዎን አይጠይቅም፤ በአዳራሹ ዝም ብለው መቀመጥ ይችላሉ፣ በአምልኮው ሥርዓት የሚሰጠውን አመድና ቀይ ዱቄት ግንባርዎ ላይ ላለማድረግ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው ጎንበስ ቢሉ ማንም አይቀየምም። ይሁንና የሚሄዱበትን ለንስሐ አባትዎ ሳይነግሩ ቢሄዱ፣ ያ የተደበቀ ነገር በዝምታው ውስጥ ከሁሉ በፊት የሚነሣብዎት ይመስለኛል። ከዚያም በፊት በአቅራቢያዎ ባለ ገዳም አንድ ሳምንት ሱባኤ ይግቡ፤ ስልክ ዘግቶ፣ ከሰው ጋር ሳይጫወቱ ሰባት ቀን መቆየት ምን እንደሆነ ካላወቁ፣ ሦስቱ ቀን እዚያ ዙሪያውን በማየት ብቻ ያልቅብዎታል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለይቶ ማቆያውን ጨርሶ አላሰብሁትም ነበር፤ ሰኞ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ። ለንስሐ አባቴም ከቅዳሴ በኋላ እነግራቸዋለሁ፤ ቢከለክሉኝ ለምን እንደሆነ እጠይቃቸዋለሁ እንጂ ተሸሽጌ አልሄድም። ሱባኤውንም ለቁልቢ ንግሥ ስወጣ ጀምሬ እዚያው ጥቂት ቀናት ብቆይ ይሻላል ብዬ አስቤአለሁ።